ከ«ዲስኮች» አንዷ

ለክቡር አቶ ብርሃነመስቀል
የ«አደባባይ» የኢሜይል መድረክ መሥራችና የመጀመሪያው አወያይ፣
የሠላሳኛ ዓመት በዓል አዘጋጅ ኮሚቴ ሊቀመንበር
ፓርክ ሂል፣ ዴንቨር

እጅግ የተከበሩ አቶ ብርሃነመስቀል፤

ይህች ደብዳቤ የደም ግፊትዎ ረግቶ፣ የጉልበትዎ ሕመም ተሽሎት፣ የቤትዎም ዋይፋይ ሳይቆራረጥ እንድታገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ባለፈው ቅዳሜ ሃቫና ስትሪት በሚገኘው አዳራሽ ያደረጉትን ንግግር ከሰማሁ ወዲህ ይህችን ሳልጽፍ መተኛት አልቻልኩም እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም።

ስሜ ወይንሸት ይባላል። አያስታውሱኝም፤ ማስታወስም አይጠበቅብዎትም፤ ታላላቅ ሰዎች የሚያስታውሱት ብዙ ነገር እንዳለባቸው እረዳለሁ። በዚያ ንግግርዎ ሁለት ነገሮችን በአንድ ትንፋሽ ተናገሩ። አንደኛው፣ «አደባባይ» የተማሩ ሰዎች በጨዋነት የሚወያዩበት ንጹሕ ቤት እንደነበረና በኋላ «ጎርፉ» ገብቶ እንዳበላሸው ነው። ሁለተኛው፣ ይኸው «አደባባይ» በፈረንጆቹ ዘጠና ሰባት በወረደው የጥቅምት በረዶ የአንዲት እናትን ሕይወት እንዳተረፈ ነው። አዳራሹ ለሁለቱም አጨበጨበ። እኔ ግን ከጎርፉ አንዷ ጠብታ በመሆኔ፣ ስለዚያች እናት የተጻፈውንም መልእክት የጻፍኩት እኔ ራሴ በመሆኔ፣ እጄ ለማጨብጨብ አልታዘዝ አለኝ። ስለዚህ ምስጋናዬን በጽሑፍ ላቀርብ ተገደድኩ።

፩. በቅድሚያ ስለ አቀባበልዎ አመሰግናለሁ።

ይህን የሚያነብ ወጣት ግራ እንዳይጋባ ትንሽ ላብራራ። «አደባባይ» እንደ ዛሬው ቴሌግራም ምስልና ድምፅ የሚፈስበት ቦታ አልነበረም፤ አንዱ ኢሜይል ሲጽፍ ለሁሉም የሚደርስበት፣ አማርኛውም በእንግሊዝ ፊደል የሚጻፍበት የተማሪዎች ጉባኤ ነበር። እርስዎና ጓደኞችዎ ከዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ላይ ሆናችሁ ስለ ታሪክ፣ ስለ ሕገ መንግሥትና ስለ ሰዋስው ትከራከሩ ነበር። በየዓመቱ መስከረም ላይ ጥቂት አዳዲስ ተማሪዎች ይመጣሉ፤ ያጠፋሉ፣ ይመከራሉ፣ ኅዳር ሳይገባ ሥርዓቱን ይለምዳሉ። ቤቱ ትንሽ ነበርና መካሪው ከተመካሪው ይበዛ ነበር።

ከዚያ ኮምፒውተር ረከሰ። ኢንተርኔት የሚያስገባ ዲስክም በፖስታ ሳጥናችን፣ በሱፐርማርኬት ገንዘብ መክፈያ ላይ፣ አንዳንዴም ከጋዜጣ ጋር ተለጥፎ በነጻ ይታደል ጀመር። ሳንጠራ መጣን፤ በአረጋውያን መንከባከቢያ የምንሠራ፣ ታክሲ የምንነዳ፣ ፓርኪንግ የምንጠብቅ፣ ከሱዳንና ከኬንያ በስደተኛነት ገብተን ኦሪጅናል ኦሮራ በሚባለው ሰፈር ከኮልፋክስ ጎዳና ጀርባ በተደረደሩት አፓርታማዎች የሰፈርን። እርስዎም «ዘንድሮ መስከረም አላልቅ አለ» ብለው ቀለዱ፤ ስምም አወጡልን፤ «ዲስኮቹ» አሉን። ስሙ ተስማማን። ዛሬም ድረስ እርስ በርስ የምንጠራራው በእሱ ነው።

የመጀመሪያ መልእክቴ ከኮልፋክስ ወደ አዲሱ ኤርፖርት የሚሄደው አውቶቡስ እሑድ ይሠራ እንደሆነ የሚጠይቅ ነበር። ኤርፖርት የጽዳት ሥራ አግኝቼ በማግስቱ ልጀምር ነበርና መልሱ ያስፈልገኝ ነበር። የኪቦርዱን ነገር ስላላወቅሁ ሁሉንም በካፒታል ፊደል ጻፍኩት፤ ይህ ለካ በኢሜይል ሥርዓት እንደ ጩኸት ይቆጠራል። እርስዎም ለመላው አባላት በተሠራጨ ረጅም ጽሑፍ «ይህች እኅታችን ለምን ትጮኽብናለች?» ብለው ከጠየቁ በኋላ፣ አዲስ ሰው ከመጻፉ በፊት ስድስት ወር በዝምታ ማንበብ እንዳለበት፣ ርእስ የሌለው መልእክት ፊት እንደሌለው ሰው እንደሚቆጠር፣ «አደባባይ» የመረጃ ዴስክ አለመሆኑን አስተማሩኝ። ጓደኞችዎ እየተቀባበሉ ሳቁ። በዚያ ሁሉ ትምህርት ውስጥ ስለ አውቶቡሱ የተጻፈ አንድም ቃል አልነበረም።

ከመሥራቾቹ መካከል አጸደ የምትባል ሴት ነበረች። እሷ ለእኔ ብቻ ሁለት መስመር ጻፈችልኝ፦ «ወይንሸትዬ፣ በኪቦርዱ በግራ በኩል ካፕስ ሎክ የሚል ቁልፍ አለ፤ አንዴ ንኪው፣ ፊደሉ ያንሳል። አውቶቡሱ እሑድም ይሠራል፣ ጠዋት ግን ይዘገያልና ቀደም ብለሽ ውጪ።» ነካሁት፤ ፊደሉ አነሰ። ቀደም ብዬ ወጣሁ፤ ሥራዬን ጀመርኩ። እርስዎ በአራት ገጽ ያልቻሉትን እሷ በሁለት መስመር ጨረሰችው ብል ቅር እንደማይሰኙ አምናለሁ፤ እርስዎ እኮ ሊያስተምሩኝ አልነበረም የጻፉት።

፪. ስለ ማጣሪያውም አመሰግናለሁ።

እርግጥ ነው፣ ዲስኮቹ መላእክት አልነበርንም። «ይህን ጸሎት ለአሥራ ሁለት ሰው ያስተላለፈ በሳምንቱ ደስታ ያገኛል» የሚለውን የሰንሰለት ጸሎት የሚልክ አለ፤ የልጁን የክርስትና ፎቶ አያይዞ የሰውን ሁሉ ሳጥን የሚዘጋ አለ፤ ለአንድ ሰው የሚገባውን መልስ ለሁሉም የሚበትን አለ። እርስዎም ተማርረው የዲስኮች መልእክት ሁሉ እርስዎ አንብበው ካልፈቀዱ በስተቀር እንዳይሠራጭ ወሰኑ። በር ጠባቂ ሆኑ። በር ጠባቂነት የተከበረ ሥራ ነው፤ እኔም በኋላ ሆቴል ውስጥ ሠርቼበታለሁ፤ እዚያ ግን ሰው ሲያንኳኳ መክፈት ግዴታ ነበር።

አሁን ወደ በረዶው ልምጣ፤ ሕዝቡ ያጨበጨበለትን ታሪክ በቦታው የነበረ ሰው ቢናገረው የበዓሉን ክብር አይቀንስምና።

ከእኔ በታች ባለው ፎቅ እትዬ ዓለምነሽ የሚባሉ ጎረቤት ነበሩኝ። ልጆቻቸው ሌላ ስቴት ስለሚኖሩ እኔው ነበርኩ ዘመዳቸው። ስኳር አለባቸው፤ ኢንሱሊን ይወጉ ነበር። አርብ ዕለት በረዶው ሲጀምር መድኃኒቱን ከፍሪጅ ሲያወጡ ጠርሙሱ ከእጃቸው አምልጦ ተሰበረ። «ነገ ፋርማሲ እንሄዳለን» ተባባልን። ቅዳሜ ስንነቃ መንገድ የሚባል ነገር አልነበረም። የግቢው መኪኖች ጣራቸው ብቻ ይታያል፤ የታችኛው በር አልከፈት ብሎናል። ወደ ድንገተኛ እርዳታ ደወልኩ፤ መንገዱ ተዘግቷል፣ መኪናዎቹ ራሳቸው ተይዘዋል፣ በተቻለ ፍጥነት እንመጣለን፣ ጠብቁ አሉን። ፋርማሲዎቹ ስልክ አያነሡም። የማውቃቸውን ሁሉ ደወልኩላቸው፤ ሁሉም ከቤቱ ታስሯል። እትዬ ዓለምነሽ ውኃ እየደጋገሙ ይጠጣሉ፣ ያስመልሳቸዋል፣ ትንፋሻቸው ይፈጥን ጀመር። እጃቸውን ስይዛቸው «ወይንሸት፣ ለልጆቼ ደውለሽ አታስደንግጫቸው» አሉኝ። ያን ጊዜ ነው ሮጬ ወደ ላይ ወጥቼ ኮምፒውተሩን የከፈትኩት።

«አደባባይ» ውስጥ ብዙ የዴንቨርና የኦሮራ ሰው እንዳለ አውቅ ነበር። አንዱ ቤት ኢንሱሊን አይጠፋም፤ አንዱ ቤት ጠንካራ መኪና አይጠፋም ብዬ አሰብኩ። መልእክቱን በካፒታል ፊደል ጻፍኩት። በዚህ ጊዜ ግን፣ ክቡር ሆይ፣ ቁልፉ የት እንዳለ አውቅ ነበር። እየጮኽኩ ነበርና በጩኸት ፊደል ጻፍኩ።

መልስዎ ፈጣን ነበር፤ ለዚህ ምስክር ነኝ። ጠዋቱን ሙሉ ኮምፒውተርዎ ላይ እንደነበሩም አውቃለሁ፤ «ጸ»ን በእንግሊዝ ፊደል በምን እንጻፈው በሚለው ክርክር ላይ የላኩት ረጅም ማብራሪያ ከመልስዎ በፊት ደርሶኛል። ለእኔ የጻፉልኝ ይህን ነበር፦ «ውድ አባል፤ መልእክትሽ በካፒታል ፊደል የተጻፈና ርእስ የሌለው በመሆኑ አልተላለፈም። በሥርዓቱ አስተካክለሽ ላኪ። የግል ጉዳይ ከሆነ ግን መድረካችን የውይይት መድረክ መሆኑን በአክብሮት እናስታውሳለን።» በአክብሮት የሚለውን ቃል ልብ ብዬዋለሁ።

ላስተካክል ተቀመጥኩ፤ አልደብቅዎትም፣ ሥርዓት ፈሪ ነበርኩ። ርእስ ስፈልግ ግን ዓይኔ ሳጥኔ ውስጥ ካለው የሰንሰለት ጸሎት ላይ አረፈ። ያ የተናቀ ጸሎት ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የተቀባዮቹን አድራሻ ሁሉ አናቱ ላይ ተሸክሞ ነበር የሚዞረው። ከጸሎቱ በላይ የአድራሻው ሰልፍ ይረዝም ነበር፤ ሁሉም ዲስኮች። ሰልፉን ገልብጬ መልእክቴን ለእነዚያ ሁሉ ላክሁት። ርእስም አልሰጠሁትም።

አንዱ «እጸልያለሁ» አለ። አንዷ «የማን ልጅ ነሽ?» ብላ ጠየቀች። ከዚያ ጤናዬ የምትባል የማላውቃት ሴት ከፓርክ ሂል ጻፈች፦ «ባለቤቴ የሚወስደው ያንኑ ነው፣ ያልተከፈተ ጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ አለን፣ ግን እንዴት ይደርሳል?» የእሷ ቤት ከእርስዎ ቤት ሁለት መንገድ ተሻግሮ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። ቀጥሎ አንዲት ሴት ባሏ እንዳልክ ለአንድ የገበያ ማዕከል በረዶ የሚጠርግ መኪና እንደሚነዳ፣ አሁንም ሥራ ላይ እንደሆነ ጽፋ፣ በፔጀር ልትጠራው እንደሆነ ነገረችኝ። ቁጥሬን ሰጠኋትና ስልክ እንዲገባ ኢንተርኔቱን ዘጋሁ፤ ያን ጊዜ ሁለቱ በአንድ መስመር አብረው አይሠሩም ነበር። ብዙም ሳይቆይ ጮኸ። «እትዬ፣ አድራሻውን ንገሪኝ፤ አለቃዬ ከጠየቀ ኮልፋክስን እየጠረግሁ ነው እለዋለሁ» አለኝ አንድ ሳቂታ ድምፅ። እንዳልክ ነበር።

በእርግጥም ኮልፋክስን እየጠረገ መጣ። ጤናዬ መድኃኒቱን በካልሲ ጠቅልላ እስከ መንገዱ ዳር ድረስ በረዶው ውስጥ እየሰጠመች አውጥታ ሰጠችው። መስቀለኛ መንገድ ላይ በበረዶ ተይዞ የቆመ የጭነት መኪና መንገዱን ስለዘጋበት ቆሞ ጠበቀ፤ ሲሰለቸው በእግረኛው መንገድ ላይ ነድቶ አለፈ። የእኛ ጠባብ መንገድ ግን አላስገባውምና መኪናውን ጥሎ፣ ጠርሙሱን እንዳይቀዘቅዝ ከሸሚዙ ሥር አድርጎ፣ የቀረውን በእግሩ መጣ። በሩን የዘጋውን በረዶ ከውጭ ዝቆልን ስንከፍትለት ቅንድቡ ነጭ ሆኖ፣ ከወገቡ በታች ርሶ፣ መጀመሪያ የተናገረው «ይኸው፣ ሞቋል» የሚል ነበር። መርፌውን እኔ ወጋኋቸው። አምቡላንሱ በማግስቱ ደረሰ፤ ሐኪም ቤትም ቀናት ተኙ። ሐኪሙ ያ መድኃኒት ባይደርስ ኖሮ ለልጆቻቸው ምን እንደሚነገራቸው ነገረኝ፤ እዚህ አልደግመውም።

ሰኞ ዕለት፣ ሞኝ ነኝና፣ ለ«አደባባይ» የምስጋና መልእክት ላክሁ። በትንሹ ፊደል፣ ከነርእሱ። እሷን ወዲያው አሳለፏት። ጩኸቴ በር ላይ ቀረች፤ ምስጋናዬ ገባች። «አደባባይ» የእናት ሕይወት አተረፈ የሚለው ታሪክ የተወለደው እንግዲህ ከዚህ ነው፤ ይህን ሁሉ ዓመት የተጨበጨበለትም በዚህ ምክንያት ነው።

፫. ትታችሁን ስለ ሄዳችሁ አመሰግናለሁ።

ከዚያ ክረምት በኋላ ዲስኮቹ የእርስዎን ማጣሪያ መለመን ተውን። ክፍል የሚያከራይ፣ ሥራ የሚጠቁም፣ ለቅሶ የሚያስነግር፣ ፍርድ ቤት አስተርጓሚ የሚፈልግ እየበዛ ሄደ፤ እናንተም ሕገ መንግሥቱን ይዛችሁ «ጽሞና» የሚባል፣ በአባል ጥቆማ ብቻ የሚገባበት ሌላ መድረክ ከፈታችሁ። አወያዩ ማን ይሁን በሚለው ተጣልታችሁ በሁለተኛው ዓመት እንደተዘጋ ሰምቻለሁ። አጸደ አልተከተለቻችሁም፤ ወደ ሚኒሶታ እስክትዛወር ድረስ ማጣሪያ በሌለው «አደባባይ» ላይ የለቅሶና የሠርግ ማስታወቂያ ስታስተካክል ኖረች። እውነት ለመናገር የጎደለብኝም አለ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ስለ ነገሥታት የምታደርጉትን ክርክር ግማሹን ሳይገባኝ አነበው ነበር፤ እንደዚያ ተጠንቅቆ የሚጽፍ ሰው ከዚያ ወዲህ አላየሁም። ይህ አንዱ ነገር ከእናንተ ጋር ጠፍቷል፤ ያሳዝነኛል። ሌላው አያሳዝነኝም።

፬. ስለ ባለፈው ቅዳሜ በተለይ።

ንግግርዎ ሊያልቅ ሲል ድምፅዎን ዝቅ አድርገው «ዛሬ በሕይወት የሌሉትን የእኚያን እናት ነፍስ ይማር» ብለው አንገትዎን ደፉ። አዳራሹም ከእርስዎ ጋር ደፋ። እትዬ ዓለምነሽ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ጆሯቸው ትንሽ ደክሟልና «ማን ሞተ?» አሉኝ።

«እርስዎ» አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡና «ተዝካሬ ጥሩ ነው፤ ሥጋው በደንብ በስሏል» ብለው መብላታቸውን ቀጠሉ።

ተነሥቼ ልናገር ስል ክንዴን ያዙኝ፤ ሰው በሰው ፊት አይዋረድም አሉ። በኋላ ግን ሰልፍ ይዘው ሊጨብጡዎት መጡ። እርስዎ ነጠላቸውንና ከዘራቸውን አይተው፣ ለፎቶው ፈገግ እያሉ፣ «እናቴ፣ ለአገሩ አዲስ ነዎት?» አሏቸው። እሳቸውም «አዎን ልጄ፣ ገና መምጣቴ ነው» ብለው መርቀውዎት አለፉ። ፎቶውን አይቼዋለሁ፤ በጣም ያምራል። ነፍስ ይማር ካሏቸው ሴትዮ ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጥማችሁ ቆማችኋል።

ይህን ሁሉ ግን ለመሳቅ ብቻ አልጽፍም። በዚያው ምሽት ኮሚቴዎ አንድ ውሳኔ በመጪው ጠቅላላ ስብሰባ ለድምፅ እንደሚያቀርብ አስታወቁ፤ ከሰሞኑ አሜሪካ የገቡት ወጣቶች፣ የ«አደባባይ» ተተኪ በሆነውና ዛሬ ተመልሰው እርስዎ በሚያወያዩት የቴሌግራም ግሩፓችን ውስጥ ለስድስት ወር እንዳይጽፉ፣ ከዚያም በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች እያነበቡ እንዲፈቅዱላቸው። «ሁለተኛው ጎርፍ» አሏቸው፤ «ቲክቶኮቹ» አሏቸው፤ ስም ማውጣት አሁንም አልተውዎትም። ከእነዚህ መካከል ስምረት የምትባለው ልጅ ከግሩፑ ተባርራለች። ጥፋቷን ሁላችንም እናውቃለን፤ እርስዎ «ቴሌግራም ሊዘጋ ነው፣ ለሃያ ሰው ያላስተላለፈ አካውንቱን ያጣል» የሚለውን ወሬ ለሁላችንም ሲልኩልን፣ እሷ ለእርስዎ ብቻ በግል «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ይሄ ውሸት ነው፤ ብዙ ሰው ተታልሎበታል» ብላ ጻፈችልዎት። በሰው ፊት ላለማሳፈር በግል ጻፈች። እርስዎ የጻፈችውን ለሁሉ አሳይተው «የታላቅ ክብር የማታውቅ» ብለው አስወጧት።

ልጅቷ ኦሪጅናል ኦሮራ ውስጥ ከአራት ሰው ጋር አንድ ክፍል ትኖራለች። ሥራ የምታገኘውም፣ ታማ ሰው የምትጠራውም በዚያ ግሩፕ ነው። ደጅ ቆማ እንድትጮኽ አልፈልግም። ስለዚህ ጤናዬ፣ እንዳልክና እኔ ከሌሎች ዲስኮች ጋር ሆነን፣ ስምረት ካልተመለሰች ስብሰባው ላይ የመጀመሪያው አጀንዳ ውሳኔዎ ሳይሆን አወያይነትዎ እንደሚሆን በአክብሮት እናስታውሳለን። ድምፃችን ይበቃል። ጎርፍ አይደለንም እንዴ?

እድሜና ጤና እየተመኘሁ፣ ወንበርዎ እስከ ስብሰባው ቀን ድረስ እንዲመችዎ እየጸለይኩ፣ ለተማርኩት ጨዋነት ሁሉ ባለዕዳ መሆኔን እየገለጽሁ፣ ደፍሬ ስላስቸገርኩዎትም ይቅርታ ከማልጠይቅባቸው ነገሮች ሁሉ በስተቀር ይቅርታ እየጠየቅሁ፣

በታላቅ ትሕትና እጅ የምነሳዎት፣
ወይንሸት
ኦሮራ፣ ኮሎራዶ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ አስቀድሜ ለእርስዎ ብቻ ልኬው ነበር፤ በጣም ስለረዘመ እንዳላነበቡት ጽፈውልኛል። ስለዚህ አትሜው ሃቫና ስትሪት ካለው የሐበሻ ግሮሰሪ በር ላይ፣ «ክፍል ይከራያል» ከሚለው ወረቀት አጠገብ ለጥፌዋለሁ። በርበሬና ምስር ይዘው የሚወጡት ሰዎች ቆመው እስከ መጨረሻው ያነቡታል፤ ረዘመ ያለ የለም። አንዲት ሴት ብቻ አንብባ ስትጨርስ ወደ እኔ ዞራ «ቆይ፣ ሰውየው ማን ናቸው?» አለችኝ። ምን ብዬ እንደምመልስላት ቢጽፉልኝ ውለታዎ ነው፤ አጠር አድርገው።